እየተራመዱ መተኮስ ጥይት መርጨት አይደለም

ለተከበረው የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማገኘው እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ እንጀራ ከምገዛበት ሱቅ ነው። ሂሳብ መክፈያው አጠገብ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ የምገልጠው የስፖርት ገጹን ነው። ለአዘጋጅ ደብዳቤ ጽፌ ግን አላውቅም። የመጀመሪያዬ ስለሆነ ቢረዝምባችሁ ይቅር በሉኝ።

በቅርቡ ስለ ኢላማ ተኩስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች ነበር። ያው ሁላችንም በስልካችን የተቀባበልነው ሰውዬ። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ተራ መነጽሩን አድርጎ፣ ማኪያቶ ሊጠጣ ብቅ ያለ ጎረቤት መስሎ ተኮሰ። ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ውድድር ብር ወሰዱ። ያኔ 51 ዓመቱ ነበር። እዚያ ውድድር ላይ 10 ነጥብ የምታሰጠው ክብ ስፋቷ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። የሸሚዝ ቁልፍ በሏት። በ10 ሜትር፣ በአንድ እጅ! ለሰውዬው ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ጽሑፉም ደስ ብሎኛል።

ቅሬታዬ የመጨረሻዋ አንቀጽ ላይ ነው። ጸሐፊያችሁ እውነተኛ ተኩስ እንዲህ ቆሞ ነው፤ እየተንቀሳቀሱ መተኮስ የፊልም ነገር ነው፤ ጥይት መርጨት ነው ብለው ዘጉት። አልፎ ተርፎም እኛ የሯጭ አገር ሰዎች ነን፣ ተኩስ ምናችንም አይደለም የሚል ነገር ጣል አድርገዋል። ፎቶውም በሁለት እጁ ሁለት ሽጉጥ ይዞ አየር ላይ የሚዘል ተዋናይ ነው። እኔ ደግሞ ላለፉት 4 ዓመታት ቅዳሜዬን የሰጠሁት ለዚያችው «የፊልም ነገር»፣ እየተንቀሳቀሱ ኢላማ ለሚተኮስበት ስፖርት ነው። ዝም ብዬ ባልፈው ያመኛል።

ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ ፒያሳ አንድ ካፌ 6 ዓመት አስተናጋጅ ነበርኩ። እዚህ መኪና እነዳለሁ። ወታደር ሆኜ አላውቅም። መሣሪያ የማውቀው አባቴ ግድግዳ ላይ በሰቀላት ምንሽር ነው። እሷንም ቢሆን እንድነካ አይፈቀድልኝም ነበር። ወደ ስፖርቱ ያስገባኝ ጎረቤቴ ነው። ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። አንድ ቅዳሜ «ና እስቲ እይ» አለኝ፤ ሄድኩ፤ በዚያው ቀረሁ። እግረ መንገዴን ግን አንድ ነገር ላስታውስ። በጊዜያዊ ቪዛ እዚህ አገር ያላችሁ ልጆች፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መሣሪያም ጥይትም መያዝ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። እኔም ግሪን ካርዴ እስኪመጣ ድረስ ቆሜ ከማየትና የካርቶን ኢላማ ላይ የጥይት ቀዳዳ ከመለጠፍ ሌላ ምንም አልነካሁም።

ስፖርቱ ዓለም አቀፍ ማኅበር አለው። አይፒኤስሲ ይባላል፤ ዓለም አቀፉ የተግባር ተኩስ ኮንፌዴሬሽን ማለት ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1976 በሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ ከተማ ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄፍ ኩፐር ነበሩ። የዓለም ሻምፒዮናው ደግሞ ማኅበሩን በአንድ ዓመት ይቀድመዋል፤ በ1975 ዙሪክ ላይ ተጀመረ። በ2002 ደቡብ አፍሪካ አስተናግዳለች፤ ስለዚህ ለአህጉራችንም ባዕድ አይደለም። እዚህ አሜሪካ ያለው ቅርንጫፉ ዩኤስፒኤስኤ የሚባለው ነው። መፈክራቸው ሦስት የላቲን ቃላት ናቸው፤ ትርጉማቸው ትክክለኛነት፣ ኃይል፣ ፍጥነት። ተራውን ልብ በሉልኝ። ፍጥነት መጨረሻ ላይ ነው።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ሜዳው ላይ የእንጨት ግድግዳ፣ በርሜል፣ መስኮት ይተከላል። በየጥጉ ቡናማ ካርቶን ይቆማል። አንዱን ሜዳ «ስቴጅ» እንለዋለን። ትልቁ ስቴጅ እስከ 32 ጥይት ሊጠይቅ ይችላል። ካርቶኑ ላይ መካከለኛው ክፍል «ኤ» ነው። ስፋቱ ወደ 6 ኢንች፣ ቁመቱ 11 ኢንች ገደማ ነው። ኤ 5 ነጥብ ያሰጣል። እኔ በምተኩሰው የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት፣ ዙሪያው ያለው «ሲ» 3፣ ዳር ዳሩ «ዲ» 1 ነው። አብዛኛው ካርቶን ላይ ሁለት ሁለት ትተኩሳለህ። ከሳትክ 10 ይቀነስብሃል። መሀል መሀል ላይ ነጭ ካርቶን ያቆሙልሃል፤ እሱን ከመታህም 10 ይቀነሳል። ከዚያ ያገኘኸው ነጥብ በፈጀኸው ሰከንድ ይካፈላል። የሚያወዳድረን ያ ድርሻ ነው።

አያችሁ? ጥይት የሚረጭ ሰው እዚህ ሜዳ ላይ ምሳ ሳይደርስ መጨረሻ ይወጣል። ያው ሒሳቡ ራሱ ያባርረዋል።

ከራሴ ደብተር አንድ ምሳሌ ላምጣ። ባለፈው ዓመት ልምምድ ላይ 6 ካርቶን ተከልን፤ 12 ጥይት። ሁሉም ቅርብ ናቸው፤ ከ10 ያርድ አይበልጡም። መጀመሪያ ሦስት ቦታ እየቆምኩ ተኮስኩ። 11 ኤ፣ አንድ ሲ። 58 ነጥብ በ9.6 ሰከንድ፤ ሲካፈል 6.04። ሁለተኛ ሳልቆም፣ እየተራመድኩ። 9 ኤ፣ ሦስት ሲ። 54 ነጥብ በ8.1 ሰከንድ፤ 6.67። አራት ነጥብ ጥዬ አሸነፍኩ ማለት ነው። ይሄኔ ልቤ አበጠ። ሦስተኛው ላይ ሮጥኩ። 7.0 ሰከንድ! ሰዓቷን አይቼ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም። ካርቶኑን ለማየት ስንሄድ 7 ኤ፣ ሦስት ሲ፣ አንድ ዲ፣ አንዷ ጭራሽ የለችም። 35 ነጥብ፤ 5.0። ሽማግሌው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ «ሰዓቱን አትየው» ብቻ አለኝ።

ስለዚህ ነገሩ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እያንዳንዷ እርምጃ ስንት ነጥብ አስከፍላ ስንት ሰከንድ እንደምታተርፍ ማወቅ ነው። ቅርብና ክፍት ካርቶን ከሆነ እየተራመድክ ትተኩሳለህ። ራቅ ካለ፣ ወይም ነጩ ካርቶን ግማሹን ከሸፈነው፣ ፍሬን ይዘህ ትቆማለህ። ይህንን ደግሞ የምትወስነው ከመተኮስህ በፊት ነው። ሁላችንም ስቴጁን ባዶ እጃችንን እየዞርን እናጠናለን። ከሩቅ ለሚያየን አሥር ሰው ጣቱን ወደ ካርቶን እየቀሰረ፣ እያጉረመረመ፣ ወዲያና ወዲህ ሲል እብድ ቤት ይመስላል።

አሁን ወደ እግር ልምጣ። ሁሉም ሰው ችግሩ እጅ ላይ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። የመጀመሪያ ቀን ሽጉጡን በጭንቅ ጨብጬ፣ ክንዴን እንደ ዱላ ዘርግቼ፣ ጉልበቴን ቀጥ አድርጌ ሄድኩ። በየእርምጃዬ ተረከዜ መሬቱን ሲመታ ድንጋጤው በወገቤ፣ በትከሻዬ አልፎ አፈሙዙ ላይ ይደርሳል። ማነጣጠሪያው ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ በካርቶኑ ላይ እንደ ዝንብ ትዘላለች። ከዚያ ነጥቧ ኤው ላይ ስትደርስ ልያዛት ብዬ ምላጩን ቀጨም አደርገዋለሁ። እሷ ደግሞ አልፋለች። ጥይቱ ዝቅ ብሎ ግራ ይሄዳል። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየኝና «ከዚህ በፊት ሥራህ ምን ነበር?» አለ። አስተናጋጅ ነበርኩ አልኩት። ሳቀ። «እና ትሪ ይዘህ እንደዚህ ነበር የምትሄደው?»

እንዴት እንደዚህ እሄዳለሁ! ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ፣ ካፌው ጢም ብሎ፣ ትሪው ላይ 8 ማኪያቶ፣ ሁለት ውሃ፣ አንድ ሻይ። ወንበር መሀል እየተሹለከለክህ፣ የሰው እግር እየዘለልክ። አንዷ ከፈሰሰች ከደሞዝህ ናት። እንደ ወታደር ሰልፍ ብትረግጥ ሁሉም ፈሰሰ። ጉልበትህን ለስለስ ታደርጋለህ። ዳሌህ ትንሽ ዝቅ ይላል። እርምጃህ ያጥራል። ተረከዝህ ቀድሞ ይነካል፣ ከዚያ ውስጥ እግርህ እየተንከባለለ ጣትህ ላይ ያልቃል። ወደ ኋላ ከሆነ ተቃራኒው፤ ጣት ቀድሞ፣ ተረከዝ ኋላ። ከወገብህ በላይ ያለው ሰው ሌላ፣ ከወገብህ በታች ያለው ሌላ። ታችኛው ይሠራል፤ ላይኛው ይንሳፈፋል። ክንድህም ድርቅ አይልም። ክርንህ ላላ ብሎ እንደ መኪና ባሌስትራ የተረፈውን ንዝረት ይውጠዋል።

ይኸው ነው በቃ። ለ6 ዓመት ስሠራው የኖርኩት ነገር ነበር፤ እጄ ላይ ትሪ ሳይሆን ሽጉጥ ሲመጣ ረሳሁት።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤት ውስጥ ልምምድ ያዝኩ። ያለ ሽጉጥ። ሳሎን ምንጣፍ ላይ በወረቀት ቴፕ መንገድ አሰመርኩ። ትሪ ላይ 6 ስኒ ውሃ እስከ አፋቸው ሞልቼ ከበሩ እስከ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት እስከ በሩ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ በጎን። ባለቤቴ መጀመሪያ ቀን አይታኝ «ምነው እንደ ሌባ ጎንበስ ጎንበስ?» አለች። ሁለተኛ ቀን ዝም አለች። ሦስተኛ ቀን ጨርቅ አምጥታ ወለሉን ጥረግ አለችኝ።

አማቴ ያኔ ከጎጃም መጥተው እኛው ጋር ነበሩ። ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ጥጥ እየፈተሉ ያዩኛል። ወገቤን ያመመኝ ነበር የመሰላቸው። ለልጃቸው በሹክሹክታ ጠየቁ። ነገሩን ስትነግራቸው ገረማቸውና ብድግ ብለው «አምጣ እስቲ» አሉኝ። ትሪውን ሰጠኋቸው። እሳቸው እኮ በልጅነታቸው ከወንዝ እንስራ ሙሉ ውሃ አዝለው ዳገት የወጡ ሰው ናቸው። ትሪውን ይዘው፣ ስለ ቴሌቪዥኑ ድምፅ ባለቤቴን እየተቆጡ፣ ሳሎኑን አቋርጠው ሄዱ፤ ተመለሱ። አንዲት ጠብታ የለም። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው። አንዴም ስኒዎቹን አላዩም። ዓይናቸው ወጥ ቤቱ በር ላይ ነበር። «ስኒውን አፍጥጠህ ታየዋለህ፤ ለዚያ ነው» አሉኝና ወደ ጥጣቸው ተመለሱ።

እውነቴን ነው፣ በዚያ ሳምንት የተኩሴ ነገር ተለወጠ። የኔ በሽታ ዓይኔ ቀይዋን ነጥብ ማሳደዱ ነበር። የምትንቀጠቀጥ ነገር ካየህ ልታስቆማት ትታገላለህ፤ ስትታገል ሰውነትህ ይደርቃል፤ ሲደርቅ የባሰ ትንቀጠቀጣለች። አሁን ዓይኔን ካርቶኑ ላይ፣ ያውም ኤው መሀል ያለች አንዲት ትንሽ ቦታ ላይ እተክላለሁ። ነጥቧ በዳር በዳር ታልፋለች፤ ትወዛወዛለች። ትወዛወዝ። ውዝዋዜዋ ኤው ውስጥ እስከሆነ ድረስ ምላጩን ቀስ ብዬ፣ ሳላቋርጥ እጫናለሁ። ፈጽሞ የማትነቃነቅ ነጥብ የጠበቀ ሰው እየተራመደ አይተኩስም። ዲኬች ያቺን የሸሚዝ ቁልፍ የሚያክል ክብ ሲመታ ውዝዋዜውን ለማጥፋት ይጥራል። እኛ ደግሞ ምን ያህሉን ማሳለፍ እንደምንችል እንለካለን። ሁለት የተለያየ ሙያ ነው እንጂ አንዱ ጥበብ፣ ሌላው ቀልድ አይደለም።

አንድ የማልስማማበት የቆየ ትምህርት አለ። እግርህ መሬት ሲነካ አትተኩስ፤ በሁለት እርምጃ መሀል ተኩስ ይላሉ። ሞከርኩት። ጥይቴን ከእግሬ ጋር ሳስማማ እስክስታ የሚለማመድ ሰው መሰልኩ። ከዚያም በላይ እግሬ የእጄ አለቃ ሆነ። ዓይንህ ያየው ጥሩ ከሆነ ተኩስ፤ እግርህ የራሱን ሥራ ይሥራ። ያው የእኔ አስተያየት ነው። ሌላ አስተማሪ ሌላ ሊላችሁ ይችላል።

ትክክለኛው ልምምድ ላይ የማደርገው ቀላል ነው። 10 ያርድ ላይ እጀምራለሁ። አንድ ካርቶን ብቻ። በዝግታ ወደሱ እየሄድኩ 6 ጥይት። ሕጉ አንድ ነው፤ ሁሉም ኤ ካልሆነ ፍጥነት አልጨምርም። ሁሉም ኤ ሲሆን ትንሽ ፈጠን እላለሁ። አንዷ ስትወጣ ወደነበርኩበት እመለሳለሁ። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄድኩ። ከዚያ በጎን። ሽማግሌው አንዳንዴ ሁለት ባልዲ መሬት ላይ ያስቀምጥና በመሀላቸው የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠራሁ እንድዞር ያደርገኛል። አፈሙዙ ካርቶኑን ሳይለቅ እግሬ በየአቅጣጫው ይዞራል። የመጀመሪያ ቀን ባልዲውን ረግጬ ልወድቅ ነበር። ጣቴ ምላጩ ላይ ስላልነበረ ተመስገን።

ቤት ውስጥም ባዶ ሽጉጥ ይዤ እለማመዳለሁ። እዚህ ላይ ግን ቀልድ የለም። ጥይት ያ ክፍል ውስጥ አይገባም፤ ምድር ቤት ተቆልፎበት ይቀራል። የሽጉጡን ካዝና (ጥይት የሚሞላበትን) አወጣለሁ፣ የጥይት ቤቱን በዓይኔም በጣቴም አያለሁ፣ ደግሜ አያለሁ። የማነጣጥርበት ግድግዳ ከጀርባው ሰው የሚተኛበት አይደለም። ሲያልቅ «አለቀ» ብዬ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ከዚያ በኋላ «አንዲት ልጨምር» የለም። 15 ደቂቃ ይበቃኛል።

አሁን ስለ ውርደቴ። ጸሐፊያችሁ ይህንን ቢያዩ ኖሮ ፊልም አይሉትም ነበር።

ሦስተኛው ውድድሬ ላይ ነው። ሽጉጥ ይዞ በሚንቀሳቀስ ሰው ላይ የማይታለፍ መስመር አለ። ፊትህን ወደ ካርቶኖቹ አድርገህ ስትቆም በግራና በቀኝህ ቀጥ ብሎ የተሰመረ ግድግዳ አለ በል። አፈሙዝህ ከዚያ ግድግዳ ወደ ኋላ ለቅጽበት ካለፈ ዕለቱ አለቀ። ትባረራለህ። ጥይት ባይኖረውም፣ ማንም ባይጎዳም። እኔ ቀኘኛ ነኝ። ከቀኝ ወደ ግራ እየሮጥኩ ካዝና መቀየር ነበረብኝ። ቀኘኛ ሰው ካዝና ሲቀይር አፈሙዙ ወደ ግራው ያጋድላል። ሰውነቱም ወደ ግራ ከዞረ ያ ማጋደል ወደ ኋላ ይሆናል። ወጥመዱ ያ ነው፤ ሁሉም ያስጠነቅቁሃል፤ እኔንም አስጠንቅቀውኛል። ሁለት እርምጃ ሄድኩ። «ስቶፕ!» አለ ዳኛው። የጆሮ መከላከያ አድርጌ እንኳ ሆዴ ድረስ ተሰማኝ።

ቆምኩ። ጥይቱን አወጣሁ፣ አሳየሁ፣ ሽጉጡን ማህደሩ ውስጥ ከተትኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ዳኛው አልተቆጣኝም። ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ሁላችንም እዚህ ቆመን እናውቃለን» አለኝ። የከፈልኩት 25 ዶላር ቀረ። ቀኑን ሙሉ ግን አልሄድኩም። ለሌሎቹ ቀዳዳ ስለጥፍ ዋልኩ። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ «አሸነፍክ?» አለች። ተባረርኩ አልኳት። «በል እጅህን ታጠብ» አለች። ጥይት ሲነኩ ውለው ሳይታጠቡ ምግብ መቁረስ አይፈቀድም እኛ ቤት፤ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት።

ከዚያ ወዲህ ወደ ግራ ስሄድ ሰውነቴን ሙሉ በሙሉ አላዞርም። ዳሌዬ ይሄዳል፤ ደረቴ ካርቶኖቹን እንዳየ ይቀራል። ካዝናውን የምቀይረው በመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው፤ ሩጫው ገና ሳይጀምር። ጣቴም ካላነጣጠርኩ በቀር ከምላጩ ውጭ ቀጥ ብሎ ይተኛል። ይኼ ሁሉ ያ ዳኛ ባያቆመኝ ኖሮ አይገባኝም ነበር።

እና ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ሜዳ ላይ ስንውል አንድ ሰው በትክክል የሚተኩሰው ለስንት ጊዜ ይመስላችኋል? ሁሉም ስቴጅ ተደምሮ ሁለት ደቂቃ ቢሞላ ነው። የቀረው ቀዳዳ መለጠፍ፣ የወደቀ የብረት ኢላማ ማንሳት፣ ነጥብ መጻፍ፣ ቀለህ መልቀም ነው። ደቦ በሉት። በእኔ ቡድን ውስጥ ነርስ አለች፣ ቧንቧ ሠራተኛ አለ፣ ከአባቷ ጋር የምትመጣ የ14 ዓመት ልጅ አለች። ልጅቷ ትበልጠኛለች። በደንብ ትበልጠኛለች።

ሰፈራችን ግን ሌላ ነው የሚያወራው። ልቅሶ ቤት ሄጄ አንዱ ወዳጄ «ሽፍታው መጣ» ብሎ አስተዋወቀኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ግን አንዲት እናት ልጃቸውን ሳብ ሲያደርጉ አይቻለሁ። አልፈርድባቸውም። ብዙዎቻችን የተኩስ ድምፅ የምናውቀው ከስፖርት ሜዳ አይደለም። ጥይት ቤታቸውን ያንኳኳባቸው ሰዎች አሉ። እኔም ለማንም «ና ተኩስ» ብዬ አላውቅም። ሰውየው ይህ ነገር ሰላም የማይሰጠው ከሆነ አይምጣ። ጋዜጣችሁ ግን ፊልሙንና ስፖርቱን አንድ ሲያደርግ ያቺን እናት የበለጠ ነው የሚያስፈራት። እኛ ሜዳ ላይ ጣቱን ያለቦታው ያስቀመጠ ሰው ወደ ቤቱ ይላካል። ፊልም ላይ ግን ዋናው ተዋናይ እሱ ነው።

የሯጭ አገር ነን ለተባለውም ትንሽ ልበል። አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ ቤቱ አልተቀመጠም። በ1970 እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች ላይ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በሮም ባዶ እግሩን የሮጠው ሰው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ኢላማ አነጣጠረ። የዘመናዊ ፔንታትሎን ስፖርተኞችም መጨረሻ ላይ እየሮጡ መጥተው፣ ልባቸው እየደለቀ ቆመው፣ በሌዘር ሽጉጥ ይተኩሳሉ። ጉግስ አይቶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በሚጋልብ ፈረስ ላይ ሆኖ ዱላ መወርወር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። እዚያም ቢሆን የፈረሰኛው ወገብ ነው ሥራውን የሚሠራው። ስለዚህ ምናችንም አይደለም አይባል።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ጥይት መርጨት» የሚለውን ብታርሙልኝ። ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለዚህ ስፖርት ስትጽፉ ያንን የሚዘል ተዋናይ ተዉትና እውነተኛ ፎቶ አውጡ። ፎቶ አንሺ ከላካችሁልኝ ከሽማግሌው ጋር አስተዋውቀዋለሁ፤ በፈቃድ ነው የሚገባው፣ የሚቆመውም ዳኛው ካሳየው ቦታ ነው። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ከእኔ። እሱ ብቻ አንገቱን የሚሸፍን ሸሚዝ ይልበስ። ቀለህ ትኩስ ነው፤ ኮሌታ ውስጥ ከገባ ካሜራውን ጥሎ ነው የሚዘለው፤ ያኔ ተዋናዩ እሱ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ